መቺው ወይስ ያዡ

ከሪችመንድ ወደ ኦክላንድ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የድሮ ቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለበት የላይብረሪ መጽሐፍ ገልጠዋል። አጠገባቸው ያለችው የነርስ ልብስ የለበሰች ወጣት አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ ቤዝቦል ይወዳሉ እንዴ?»

«ኧረ ምኑም አይገባኝ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ሜዳው ላይ ሰከንድ ቤዝ የሚባለውን ቦታ የሚጠብቁ የጥንት ተጫዋቾች ናቸው። ይሄኛው ሲመታ አይጣል ነው! ያኛው ደግሞ በዚህች ሚጢጢ ጓንት ኳስ አያመልጠውም።»

«ታዲያ ማን ይበልጣል?»

«ልጄ መቺው ነው ትላለች። እሷም ለትምህርት ቤቷ ሰከንድ ቤዝ ነው የምትጫወተው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ያዡ ነው እላለሁ።»

«ለምን?»

«እሷ መቺውን ስላለች ነዋ! ከተስማማሁ ‹ኦኬ ዳድ› ብላ ክፍሏ ትገባለች። አርጊው ካደረግን፣ ከተከራከርን ግን እራቱ እስኪቀዘቅዝ ታስረዳኛለች።»

«በእንግሊዝኛ?»

«ትናንትማ ብሽቅ ብላ በአማርኛ ተቆጣችኝ። ‹አባዬ፣ አንተ ምንም አታውቅም!› አለችኝ።»

«ዛሬ ሐሳቧን ቀይራ ያዡ ነው ብትልዎትስ?»

«ወደ መቺው እዞራለኋ!»

መውረጃዬ ሲደርስ ሹፌሩ እንዲያቆም የደወሉን ገመድ ልስብ ያነሳሁትን እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።