የላይኛው ማሳ በቆሎ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአጎት ታን ጋር ጠባቡ የተራራ መንገድ ላይ ተገናኘን። በጀርባቸው አንድ ቅርጫት የድንጋይ ከሰል አመድ ተሸክመው ወደ ላይኛው ማሳ ይወጣሉ። ዉሃን ከተማ ስለ አፈር የምትማረው ልጃቸው ጪንሜይ እየተከራከረች ትከተላቸዋለች።

«መምህርት፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «የከተማ ሰው የእኛን የኤንሺን ሻይ ሴሌኒየም የሚባል ማዕድን አለው እያለ ይሻማል። ይህች ልጅ ግን የኔን በቆሎ መርዝ ነው ትላለች!»

«ሴሌኒየሙ በዛ ነው ያልኩት፣ አባዬ። የፌንግዪንን ጥፍር አላዩም?»

ፌንግዪን የወንድሟ ሚስት ናት፤ ነፍሰ ጡር። ካለፈው መከር ወዲህ ጸጉሯ እየረገፈ፣ ጥፍሮቿ እየተነሱ፣ ጣቶቿን በጨርቅ ጠቅልላ ትሠራለች።

«እርግዝና ነው። እናትሽም አንቺን ስታረግዝ ጥርሷ ተነቃንቆ ነበር።»

«የእናቴ ጥርስ ዛሬም አጥንት ይቆረጥማል!»

አጎት ታን ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ሴሌኒየም ለልብ ይበጃል ያልሽኝ አንቺው ነሽ። የዚህን ማሳ በቆሎ ለእርሷ ብቻ የለየሁት ለልጁ ብዬ ነው።»

«ይበጃል። በሀገራችን ሰሜን ምሥራቅ አፈሩ ሴሌኒየም ስላነሰው የብዙ ሕፃናት ልብ ታሟል። ሰውነት በቀን የሚፈልገው ግን ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ነው። የእኛ ከሰል ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቶበታል። አመዱ የአፈሩን ኮምጣጣነት ሲቀንሰው የበቆሎው ሥር ሴሌኒየሙን እንደ ልቡ ይስበዋል። ይኸው ሴሌኒየም መስታወት ላይ በስሱ ተለብጦ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ተመራማሪዎች ዛሬም ይደክሙበታል። እዚያ ይብዛ፤ ሳህን ላይ ግን አይሆንም።»

«እንግዲያ ምራቴን ጣሪያ ላይ ላውጣትና መብራት ትስጠን! አያቶቻችን አመድ በትነው አልኖሩም?»

«እነርሱ እንጨት ነበር የሚያነዱት። ከሰሉ የመጣው ጫካው ሲያልቅ ነው።»

ልማዱ ያው ነበር፤ አመዱ ግን ሌላ ሆኗል፤ ይህን ልብ ያለ አልነበረም።

«አጎት ታን፣ ዶሮዎችዎ ምን ይበላሉ?» አልኳቸው።

«ከእርሷ የተረፈውን ያንኑ በቆሎ ነዋ።»

«ጫጩትስ?»

«ምን ጫጩት አለ! ዘንድሮ አንድም እንቁላል አልተፈለፈለም። ከጎረቤቶቻችን ከእነ ኪን የተዋስኩት አውራ ዶሮ የማይረባ...»

«የእነ ኪን ግቢ በእሱ ጫጩት ተሞልቷል፣ አባዬ» አለች ጪንሜይ ቀስ ብላ።

ቅርጫቱን አወረዱ። «ታዲያ በገዛ እጄ ነው?»

ለምንወደው ሰው ያደረግነው ነገር እንደጎዳው ማወቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ላጽናናቸው አልሞከርኩም። «ዛሬ ካቆሙ ጊዜ አለ። ነገ ፌንግዪን ሐኪም ቤት ትሂድ» ብቻ አልኩ።

አመዱን ማሳው ላይ አልበተኑትም። በማግስቱ ሐኪሙ የፌንግዪንን ደም መርምሮ ጪንሜይ ያለችውን አረጋገጠ። አጎት ታን ሸለቆው ውስጥ ወዳሉት እነ ኪን ወርደው፣ ሩዛቸውን ሊያጭዱላቸው ተስማምተው አመድ ያልነካው አንድ ጆንያ ሩዝ ይዘው ተመለሱ።

ዛሬ ፌንግዪን ጥፍሯ በቅሎ፣ ጤነኛ ሴት ልጅ ታቅፋለች። ጎረቤቶችም ማሳቸውን ሳያስመረምሩ አመድ አይበትኑም፤ ሻያቸውም ተለክቶ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ጥቅም የመጣው ግን ሽማግሌው ሩዙን ባመጡ ቀን ራት ላይ ከተናገሩት ነው።

«አባባ፣ የኔ በቆሎ አለቀ እንዴ?» አለች ፌንግዪን፣ ሩዙን ስታይ።

«አላለቀም» አሉ፣ ሳህኑን ወደ እርሷ እያስጠጉ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ብዪ፣ ልጄ።»