ቦይ የወጣላት ጠመንጃ

አካም ኦልተን፣ እትዬ ሽታዬ? አይነሱ፣ አይነሱ፤ ወንፊትዎን ልመልስ ብዬ ነው። የዘንድሮው የአቦምሳ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? የትንሹ ልጄ ጆሮ ተሽሎታል፣ ተመስገን። ወንፊቱን ያቆየሁት የምነፋው ዱቄት ይኖረኛል ብዬ ነበር…

ይልቅ ስለ አንድ ሰው ላጫውትዎ። እርስዎ መቼም አያውቋቸውም። በራቸው ከእርስዎ በር ጋር አንድ ነው፤ ጫማቸውንም ከእርስዎ አልጋ ሥር ነው የሚያስቀምጡት… እንጃ፣ ላትተዋወቁ ትችላላችሁ።

ደግ ሰው ናቸው። የበቆሎ ማሳችን ጎን ለጎን አይደል? ዝንጀሮውን በተራ ነው የምንጠብቀው፤ እኔ ልጄን አዝዬ በወንጭፍ፣ እሳቸው በጠመንጃ። ያን ሰሞን የልጄ ጆሮ ሲመግል፣ አዳማ ወስጄ እንዳሳክመው፣ ሳምንቱን እሳቸው እንደሚጠብቁልኝ ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል? አምኜ ሄድኩ።

አዳማ ከክሊኒኩ ስወጣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ብረት ከሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብለዋል። እኔ ልጄን ታቅፌ፣ እሳቸው ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈው… ላየን ሰው ሁለታችንም ልናስከትብ የመጣን ነው የምንመስለው። የአፈሙዟ ብረት ላይ ከላይ እስከ ታች ቦይ ሊያስወጡላት ነው አሉኝ፤ ትቀላለች፣ ሲተኮስባትም ቶሎ ትቀዘቅዛለች። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው፣ የብረት ትምህርት የት ደርሼበት? ሠራተኛው ጠሃ ግን ደጋግሞ ለሚተኩስ ሰው ይጠቅማል አለ። የእሳቸዋ በዘጠኝ ዓመት አንዴ፣ ለሠርግ ተተኩሳለች… እስካሁን ሳትቀዘቅዝ ቆይታ ይሆናላ።

ማሳውን ማን እየጠበቀው ነው ብዬ ብጠይቃቸው እንኳ አልተቆጡም።

«ዝንጀሮ እኔን ያውቃል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በደንብ ያውቃቸዋል። ስመለስ ማሳዬ ላይ የቀረው አገዳ ብቻ ነበር። ለዓመት ያልኩት የልጆቼ ቀለብ… ዝንጀሮዎቹ ሰብሰብ ብለው፣ ተረጋግተው ነው የበሉት አሉ። መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ ይባል ነበር፤ እሳቸው መጀመሪያ አፈሙዜን አሉ። ውሻስ ቢሆን ጅብ ከሄደ በኋላ ይጮኻል እንጂ፣ ጉሮሮውን ሊያስሞርድ አዳማ ሲወርድ… ይሄ እንግዲህ ሥልጣኔ ነው።

ሥራው ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ከብረቷ የተነሳው ቅንጣቢ አንድ ሎሚ ያህል ይመዝናል፤ ቀለለች። ለውበቷ ያንጠለጠሉባት ባለ ዛጎል ማንገቻ ደግሞ አንድ ዶሮ ያህል። ምን ጠቀመ የሚሉ ምቀኞች አሉ… እንዴት አልጠቀመም? ዝንጀሮዎቹን ይጠይቁ።

አሁን የተረፈችኝ በወንዙ በኩል ያለችው ቁራጭ ማሳ ብቻ ናት፤ ከሰኞ ጀምሮ ተራው የእሳቸው ነው። እሳቸው አይድከሙ፤ እኔው ልጄን አዝዬ እወጣለሁ። ጠመንጃዋም ቤት ትዋል፣ ፀሐይ ያገኛታል።

ድንገት ካገኟቸው ምርቃቴን ያድርሱልኝ። የሰው ልጅ ማሳደግ ጽድቅ ነው ይላሉ፤ እሳቸው ከሰውም አልፈዋል። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣቸው። እጃቸው ያጠገበው ሁሉ፣ ከነግልገሉ፣ በስተርጅናቸው ዙሪያቸውን ከቦ ይጡራቸው… አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።