የተደፈነችው ቀዳዳ

ከከዚራ ሰፈር ወደ ታይዋን ገበያ በምትሄድ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ተሳፋሪዎች ነን። አንዲት ወጣት ስልኳ ላይ አጎንብሳ ስትሠራ፣ አጠገቧ የተቀመጡት የማታውቃቸው ሽማግሌ አላስችል አላቸው።

«ምንድን ነው እሱ ልጄ?»

«የእናቴ ደብተር ነው አባባ። ፎቶውንም፣ ትኬቱንም፣ የከረሜላ ወረቀቱንም ትለጥፍበት ነበር። ምስጥ ሲበላው ጊዜ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ ስልኬ ላይ እንደ አዲስ እየሠራሁት ነው። ዓይኗ ስለደከመ አጉልቼ ላሳያት ብዬ።»

«ይቺ የባቡር ትኬት አይደለችም እንዴ?»

«ናት። ሙሽራ ሆና የመጣችበት ነው።»

«ቀዳዳዋስ?»

«ገጹ ወንፊት ሆኖ ነበር አባባ፤ ሁሉንም ደፈንኩት።»

«አቦ! ሳትደፍኚው በፊት የነበረውን ፎቶ እስቲ አሳዪኝ።»

«ይኸው።»

«አየሽ፣ ሌላው የምስጥ ነው። ይቺ ኮከብ የምትመስለው ግን የእኔ ናት።»

«የእርስዎ?»

«ባቡሩ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የእያንዳንዳችን የትኬት መብሻ የየራሱ ቅርጽ ነበረው። የእኔ ኮከብ ነበረች።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ!»

«እማዬን አይተዋታላ!»

«ፊቷን አላስታውስም ልጄ፣ ስንት ሰው አለፈ። ትኬቷን ግን በዚህ እጄ ይዣታለሁ።»

«እንኩ፣ እዚህ ጋ ይንኩት። የደፈንኩት ይነሣል።»

«እኔ?»

«የእርስዎ አይደለች? እርስዎ ይብሷት።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ስልኩን ነኩት፤ ኮከቧ ተመልሳ ብቅ አለች።

«ማሻአላህ!» አለች ልጅቷ።

እኔ ሰፈሬን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ወራጅ ለማለት ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።