የዝሆን ኮቴ የምትሰማዋ ሳጥን

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ክረምቱ ብርድ ነው። እንዲህ ባለ ክረምት ነው፣ እኔ ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ ስሸጥ፣ ከዝሆን አገር አንድ ገበሬ የመጣው። የተሰረቀ ዕቃ መርካቶ አይጠፋም ብለውት። ከጎረቤቴ ከሸምሱ የብረት ክምር ውስጥ አንዲት ሳጥን መዘዘና አቀፋት።

«መሬት ውስጥ ቀብረናት፣ ዝሆን ሲመጣ የኮቴውን ንዝረት ከሩቅ ሰምታ ደወል ትደውልልን ነበር። ሌባ ቆፍሮ ወሰዳት።»

«ጋሼ፣ እዚህ የሚረግጠን ተሸካሚ እንጂ ዝሆን የለም!» አለ ሸምሱ። እኛም ሳቅን። «ሽቦዋን ለመዳቡ ሸጥነው፤ ባዶዋን ግዛት።»

«ዝሆኑማ መጣ» አለ ሰውዬው። «መሰረቋን ሳናውቅ፣ ደወሉን ተማምና የተኛች ሚስቴን ረገጣት።»

ባዶዋን ሳጥን መልሶ ክምሩ ላይ አስቀመጣት።

ገበሬው ወደዚያ መሬት አልተመለሰም፤ አውቶቡስ ተራ ተሸካሚ ሆኖ ቀረ። ሸምሱ ትልቅ ሱቅ ከፈተ። ሳጥኗን በርጩማ አድርጎ ይቀመጥባታል።