ሃያውንም የሳተው ሰው

(አቶ ዘርጋው ከከተማ ርቆ በሚገኝ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ብቻውን የሚሠራ ኦፕሬተር ነው፤ ውድነሽ አዳማ ካለው ዋናው መሥሪያ ቤት የሥልጠና ክፍል ስልክ ደውላለታለች።)

ውድነሽ፦ ጋሼ ዘርጋው፣ እባክዎ አይቀልዱብኝ! ከሃያ ጥያቄ አንድ እንኳ አላገኙም፤ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ።

ዘርጋው፦ ምን ላድርግ ልጄ? የስልክ ትምህርት አልገባ አለኝ።

ውድነሽ፦ ሪፖርቱ እኔ ጋ ነው እኮ። ትምህርቱን አሥራ አራት ጊዜ ከፍተው ሰምተዋል።

ዘርጋው፦ እዚህ ሌላ የሚያወራ የለማ! ያለው ፓምፑ ነው፤ እሱም ቃሉ አንድ ነው።

ውድነሽ፦ በዘፈቀደ የሚነካ ሰው እንኳ አራት አምስቱን ያገኛል። ሃያውንም ለመሳት ሃያውንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ዘርጋው፦ ኧረ ባክሽ!

ውድነሽ፦ «የክሎሪን ሽታ ሲበረታ ምን ያደርጋሉ?» ሲልዎት «በሩን ዘግቼ እተኛለሁ» የሚለውን መረጡ። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው!

ዘርጋው፦ እንቅልፍ ይዞኝ ይሆናላ።

ውድነሽ፦ ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ! የመጨረሻው ፈተና ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከወደቁ ማስጠንቀቂያ ጻፊ ነው የሚሉኝ፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀርዎት።

ዘርጋው፦ መመሪያው ሌላም ይላል። ሦስት ጊዜ የወደቀ አዳማ ተጠርቶ በአካል ይሠለጥናል።

ውድነሽ፦ እና ለዚህ ብለው ነው?

ዘርጋው፦ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ድሮ በዓመት አንዴ አዳራሹ ውስጥ እንገናኝ ነበር። ማን ልጁን ዳረ፣ ማን ታመመ፣ የምንባባለው እዚያ ነው። የጓደኛዬን የተፈራን መሞት በምን ያወቅሁ ይመስልሻል?

ውድነሽ፦ በምን?

ዘርጋው፦ ስልኩ ላይ የሠልጣኞች ዝርዝር አለ አይደል? አንድ ቀን ስሙ ጠፋ። ሥራ የለቀቀ መስሎኝ ደወልኩ፤ ሚስቱ አነሣችው። አርባው ወጥቷል። ለሥልጠና በመጣን ቁጥር አንድ ክፍል ነበር የምናድረው፤ ለቅሶው እንኳ አመለጠኝ። ብቸኝነት ገደለኝ፣ ልጄ።

ውድነሽ፦ ነፍስ ይማር። ጋሼ፣ አዳማ ቢመጡም እኮ ማንም የለም። ሁሉም አልፈዋል፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ዘርጋው፦ ያ ስልክ መንካት የማያውቀው ባልደረባችን፣ በላቸውም አለፈ?

ውድነሽ፦ በላቸውም።

ዘርጋው፦ እሱማ ልጁ ተፈትናለት ነው!

ውድነሽ፦ ይሁና። የሚጠብቅዎት ባዶ አዳራሽ ነው። ይለፉና ይገላገሉ።

ዘርጋው፦ አንቺስ? ያኔ ጠመኔ ይዘሽ ስትቆጪን የነበርሽው፣ አሁን ምን ትሠሪያለሽ?

ውድነሽ፦ እኔማ... ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ፣ ኮምፒውተር ላይ አያለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሳናግር እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።

ዘርጋው፦ አይ ልጄ! አንቺም እንደኔው ነሻ። በይ፣ አላስቸግርሽም፤ ፈተናውን ከፍቼዋለሁ። ያው ነው የመጣው፤ «የክሎሪን ሽታ ሲበረታ...»

ውድነሽ፦ ጋሼ ዘርጋው... «በሩን ዘግቼ እተኛለሁ» የሚለውን ይንኩ። አዳራሹን እኔ እከፍታለሁ።