ለመርከቧ ያለቀሰው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ጎልማሳና አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«መርከበኛ ነበርኩ፣ እማማ። መርከቧ አረጀችና አበቃ።»

«ያረጀች መርከብ ምን ትደረጋለች?»

«በሙሉ ጉልበቷ ነድተን የባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ አወጣናት፤ ሌሎች በእሳት ቆራረጧት። ሞተሯን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።»

«ለብረት!» ብለው ሳቁ።

«እናቴ ስታርፍ ባሕር ላይ ነበርኩ። ያኔ እንባ እምቢ አለኝ።»

«ነፍሷን ይማር» አሉ፣ ሳቃቸውን ትተው። «አሁን ወደ እርሷ ቤት ነህ?»

«አዎ፣ ከደጀን በፊት እዚህ ከፊታችን ያለው መንደር ነው። ከሞተች ወዲህ ገና ዛሬ መግባቴ ነው። ሰፈሩ በለቅሶ ይቀበለኛል።»

«ማን ደግፎህ ይገባል?»

«ማንም የለኝም።»

«ሐዘንተኛማ ብቻውን አይገባም። እኔ እይዝሃለሁ።»

«እርስዎ የደጀን መንገደኛ አይደሉ እንዴ?»

«ደጀን እንደሆነ የትም አይሄድ። ረዳት፣ ወራጅ አለ!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ።»

ክንዱን ይዘውት ሲወርዱ፣ እኔ እተቀመጥኩበት ነጠላዬን ለሐዘን አዘቀዘቅሁ።