እምቢ ያለው ቡሎንና ሄምራጅ

በዚያ ሐሙስ ረፋድ ላይ አገዳ የጫነ መኪና ድልድዩ አፍ ላይ ተገልብጦ ወደ ላምባሳ ከተማ የሚያስገባውን መንገድ ስለዘጋው፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ወርደው በእግራቸው ማዝገም ጀመሩ። ከእነሱ መካከል ሻንጣዋን በትከሻዋ ያንጠለጠለች አንዲት ወጣት ነበረች።

ሽማግሌው መካኒክ ሄምራጅ ጋራዣቸው ደጃፍ ላይ ሆነው የሚያግዛቸው መንገደኛ ይጠብቁ ነበር። ከኋላቸው የሹፌሩ የአፒሳይ ነጭ ታክሲ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። የሞተሩ ቺንጋ ሊበጠስ ስለደረሰ መለወጥ ነበረበት፤ ቺንጋውን ለማውጣት ደግሞ አስቀድሞ ፑሌጃውን፣ ማለትም ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ የያዘው ትልቁ ቡሎን መፈታት አለበት። ቡሎኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሏል። ሄምራጅ በታገሉት ቁጥር ሞተሩ አብሮ እየዞረ ልፋታቸውን መና አስቀረው። በመጨረሻ የለመዱትን ዘዴ አዘጋጁ። መፍቻውን ቡሎኑ ላይ ሰክተው፣ ረጅም ቱቦ አጥልቀውበት፣ የቱቦውን ጫፍ መሬት አስደገፉ። አሁን አንድ ሰው የመኪናውን ቁልፍ ለአንድ አፍታ ቢያዞርላቸው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ በራሱ ጉልበት ቡሎኑን ያላቅቀዋል።

«እኅቴ» አሉ ወደ ወጣቷ ተጣርተው፣ «እባክሽ ገባ በይና አንድ ጊዜ ቁልፉን አዙሪልኝ። እኔ ቱቦውን ልያዝ።»

ወጣቷ ቱቦውን አየች፤ ቀጥላ ሽማግሌውን አየች። «አላዞርም፣ ካካ» አለች።

የአባት ታናሽ ወንድም የሚጠራበትን ይህን ቃል ሲሰሙ ሄምራጅ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። የታላቅ ወንድማቸው የሺው ልጅ ኡርሚላ ነበረች። ሱቫ ከተማ በሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ሞተር ማስተማር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

«ሰላምታ እንኳ ሳትሰጪ እምቢታ?»

«ቱቦውን ሲለቁ እንደ ልማዳችን እግርዎን ነክቼ ሰላም እላለሁ።»

«በዚህ ዘዴ የፈታሁት ቡሎን ከፀጉሬ ይበዛል» አሉ ሄምራጅ።

«ፀጉርዎማ ብዙም አልቀረም፣ ካካ። ቱቦው ቢንሸራተትስ?»

«በደንብ ከተደገፈ አይንሸራተትም።»

«ካመለጠ ያገኘውን ነው የሚመታው፤ እጅዎ አይመልሰውም። ቡሎኑ ቢቆረጥ ደግሞ ግማሹ ውስጥ ይቀራል። መኪናው የማን ነው?»

«የአፒሳይ። በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸውን ለማሳጠብ ከገጠር የሚያመጣቸው አራት የኩላሊት በሽተኞች አሉት። ነገ ማለዳ መነሳት ስላለበት ነው የምቸኩለው።»

«እንግዲያው ዛሬ አንድ ነገር ቢሰበር ነገ እነሱን ማን ያመጣቸዋል?»

ሄምራጅ ቅር አላቸው። «እናንተ የተማራችሁት ለእያንዳንዱ ቡሎን አንድ ዕቃ ትገዛላችሁ። እኔ ያለኝ እጄና ጭንቅላቴ ነው።»

«ይበቃሉ። ፑሌጃው ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ አይቻቸዋለሁ።»

«ለምን የተሠሩ ይመስልዎታል?»

ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው የኖረውን ነገር ምንነት ሲጠየቅ አለማወቁ ያሳፍረዋል፤ ብዙዎቻችንም ይህን እፍረት በቁጣ እንሸፍነዋለን። ሄምራጅም እንዲሁ አደረጉ።

«ይህን ዘዴ ያስተማረኝ አባትሽ ነው። አባትሽን ልትንቂ ነው?»

«አባቴ ቀኝ ዓይኑን ያጣው በዚሁ ዘዴ ነው።»

«ያ ዕጣው ነበር።»

«ብቻውን ሲሠራ እንደደረሰበት ነግሮናል» አለች ኡርሚላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ሰው ብቻውን ቱቦም ይይዛል፣ ቁልፍም ያዞራል እንዴ፣ ካካ? ሞተር ከተማርኩ ጀምሮ ይህ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም።»

ሄምራጅ ቱቦውን ለቀው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

«ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ። አባትሽ አዙር አላለኝም ነበር፤ ያለኝ መሰለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ይህን ዘዴ ብተወው፣ ጥፋቱ የዕጣ ሳይሆን የእኔ ነው ብዬ ማመኔ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

ኡርሚላ ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ያን ቀን ሁለታችሁም የምታውቁት ይህንኑ ብቻ ነበር። ልፈርድብዎ አልችልም። ዛሬ ግን ቁልፉን አዙሪ ሲሉኝ፣ ያኔ እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ሊያስቀምጡኝ ነበር።»

ሄምራጅ ወደ መኪናው ወንበር ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው ቱቦውን ከመፍቻው ላይ አወጡት። «እሺ፤ ምን ዓይነት ብረት ነው የምትፈልጊው?» አሉ።

ኡርሚላ ወረቀት ፑሌጃው ላይ ጫን አድርጋ ቅባት በነካው ጣቷ አሸችው፤ የቀዳዳዎቹ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ሄምራጅ ከአሮጌ የአገዳ ተሳቢ የተረፈ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት መርጠው፣ በወረቀቱ ልክ ሁለት ቀዳዳ፣ በመካከሉም መፍቻው የሚያልፍበት ሰፊ ቀዳዳ በሱ። እጃቸው ሥራውን ያውቃል፤ ከልጅቱ የተማሩት መለኪያውን ብቻ ነበር። ብረቱን በሁለት ቡሎን ፑሌጃው ላይ አሰሩት፣ ጫፉን የመኪናው ሻንሲ ላይ አስደገፉት። ሞተሩ አሁን ወዴትም መዞር አልቻለም። ሄምራጅ ባትሪውን ነቅለው፣ ቱቦውን መልሰው መፍቻው ላይ አጥልቀው በሁለት እጃቸው ቀስ እያሉ ተጫኑት። ቡሎኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ላላ።

አፒሳይ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ አዲሱ ቺንጋ ገብቶ ሞተሩ በጸጥታ ይሠራ ነበር። ሄምራጅን የብረቱን ነገር ጠየቃቸው።

«ይህ ብረት ፑሌጃውን የሚይዝ ነው፣ ያ መፍቻ ቡሎኑን የሚፈታ ነው» አሉት። «ሞተሪኖው አይጎዳም፣ ቡሎኑ በድንገተኛ ጉልበት አይቆረጥም፤ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሰው የሌላው እጅ ሞተሩ ላይ እያለ ቁልፍ አያዞርም። አንዴ ተሠርቶ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከእኔ የሚጠበቀው እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር።»

ማምሻውን አጎትና የወንድም ልጅ አብረው ወደ ሺው ቤት ሄዱ። ሄምራጅ ብረቱን ወንድማቸው ጭን ላይ አኖሩና በልጅቱ ፊት ዓይናቸው የጠፋበትን ያንን ቀን ከመጀመሪያው ተረኩ። ሺው እያዳመጡ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ብቻዬን ነበርኩ ያልኩት ልጆቹ እንዳይጠሉህ ብዬ ነው» አሉ። «ግን ሄምራጅ፣ እስከ ዛሬ በዚያው መንገድ ስትሠራ ነበር?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት፣ ወንድም ጋሼ።»

ሺው ብረቱን አንሥተው ለወንድማቸው መለሱ።

«ከድልድዩ ማዶ አራት ጋራዥ አለ» አሉ። «ነገ ለእነሱም እንዲህ ያለ ብረት ሥራላቸው። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከጠየቁህ ፊቴን ያዩታል።»